የሰፈር ነዋሪዎች እንቅስቃሴና የከተማ ልማት በኢትዮጵያ

የሰፈር ነዋሪዎች እንቅስቃሴ ማለት በአንድ ሰፈር፣ ቀበሌ ወይም መንደር የሚኖሩ ሰዎች በአካባቢያቸው በሚገነባ፣ በሚፈርስ ወይም በሚሸጋገር መሬትና ቤት ጉዳይ ላይ በጋራ ሐሳባቸውን የሚያሰሙበትና ውሳኔን ለማስለወጥ ወይም ለማሻሻል የሚጥሩበት ተግባር ነው። መልኩ ብዙ ነው፤ በዕድር ስብሰባ የሚረቀቅ አቤቱታ፣ ሽማግሌ መላክ፣ ኮሚቴ ማቋቋም፣ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ማንጠፍ፣ በአክሲዮን ተደራጅቶ ሕንፃ መሥራት፣ አንዳንዴም አደባባይ መውጣት ይገኙበታል። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ነዋሪው በአብዛኛው የሚከራከረው ከግል አልሚ ጋር ሳይሆን ቦታውን ከሚያስተዳድረው ወረዳ፣ ክፍለ ከተማ ወይም ማዘጋጃ ቤት ጋር ነው። ይህ በሌሎች አገሮች ከሚታየው የሰፈር እንቅስቃሴ ዋናው ልዩነቱ ነው።

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሰፈር የሚለው ቃል

ቃሉ «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ የጦር ወይም የመኳንንት ማረፊያን ያመለክት ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ እያንዳንዱ መኰንን ከነተከታዩ በተሰጠው ቦታ ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሳ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከዚህ የመጡ ናቸው፤ ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የእጅ ባለሙያዎች የሠፈሩበት ስለነበር ነው። በዚህ አሰፋፈር የጌታው ቤት ከአገልጋዩ፣ ከወታደሩና ከነጋዴው ጎጆ ጋር ተጎራብቶ ይገኝ ነበር። ሀብታምና ድሃ በአንድ ሰፈር ተቀላቅሎ መኖሩ ከዚያ ዘመን የተረፈ ጠባይ ነው፤ የመልሶ ማልማት ክርክር በተነሣ ቁጥር ነዋሪዎች «እንዳይጠፋብን» የሚሉት አንዱ ይኸው ነው።

ዕድርና የሰፈር አንድነት

ዕድር ለቀብርና ለሐዘን መረዳጃ የተቋቋመ ማኅበር ነው። በከተሞች የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ዛሬ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳንና ዕቃ ቤት ያለው ተቋም ሆኗል። በብዙ ሰፈሮች ቤተሰቦችን በስም፣ በቤት ቁጥርና በወር መዋጮ መዝግቦ የያዘ ከቀበሌው ቀጥሎ ብቸኛው አካል ዕድሩ ነው። ስለዚህ የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም «ሰፈሩ ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠራው የዕድሩ ስብሰባ ነው።

ዕድር የልማት ኮሚቴ ሆኖ የሚሠራበት የተለመደው መንገድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዙ ከተሞች በተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍ ሥራ ነዋሪዎች ከወጪው የተወሰነውን ድርሻ በማዋጣት ተካፍለዋል። መንገዱ የሚነጠፍለት ሰፈር አስቀድሞ ድርሻውን ያሟላ መሆኑ በብዙ ቦታ የተለመደ አሠራር ነበር። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ነው። መንገድ የገባለት ሰፈር የቤት ኪራይም የይዞታ ዋጋም ይጨምራል፤ በዚያው ልክ በኪራይ የሚኖረው ድሃ ነዋሪ ለመንገዱ አዋጥቶ ሲያበቃ በተወደደው ኪራይ ምክንያት ሊለቅ ይችላል። ስለ ኮብልስቶን ሲጻፍ ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በሰፈር ቁፋሮና ንጣፍ ብቻ ያልተወሰነ አንድ ሥራ መጥቀስ ይቻላል። በ1970ዎቹ የኖርዌዩ ረድ ባርና ድርጅት በአዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያካሄደው የሰፈር ማሻሻያ ቤቶችን አፍርሶ ነዋሪውን ከማራቅ ይልቅ እዚያው መጸዳጃ፣ ማብሰያ ቤት፣ የእግር መንገድና የጤና አገልግሎት ማሟላትን መርጦ ነበር። በዚህ ሥራ የሚታወቁት ጀምበር ተፈራ በኋላ በራሳቸው ድርጅት በኩል ያንኑ አካሄድ ቀጥለዋል። የአካሄዱ መነሻ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ችግራቸውን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ ማድረግ ነው።

ትርፍ ቤትና ቀበሌ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የቤት መሥሪያ ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርሰው ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገባ። አነስተኛ ኪራዮችም እንዲቀንሱ ተደረገ።

ቀበሌ በዚህ አዋጅ ሲወለድ የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ኪራይ ይሰበስባል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ ጥቃቅን ክርክሮችን በፍርድ ሸንጎው ያያል። ብዙም ሳይቆይ ግን የመንግሥት የመቆጣጠሪያ ክንድ ሆነ፤ በቀይ ሽብር ዘመን የነበረው ሚና በብዙ ቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ክፉ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬም በሰፈር ጉዳይ ስብሰባ ሲጠራ አንዳንድ ሽማግሎች በዝምታ መቀመጥን የሚመርጡት ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

የኪራዩ ማነስ የራሱን ጣጣ አመጣ። ኪራዩ ለዓመታት ሳይለወጥ ስለቆየ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አልበቃም። ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩት የቀበሌ ቤቶች አረጁ፤ ተከራዩም ቤቱ የእሱ ስላልሆነ በራሱ ገንዘብ ለማደስ አልደፈረም፤ ለማደስ ቢፈልግ እንኳ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። በኋላ ላይ የከተማው መሀል «የተጎሳቆለ» ተብሎ ለመልሶ ማልማት ሲመረጥ፣ የጉስቁልናው ዋና ምክንያት ይኸው የባለቤትነትና የኪራይ ሥርዓት ነበር። በሌላ በኩል እጅግ አነስተኛ ኪራይ ብዙ ድሃ ቤተሰብ በከተማው እምብርት፣ ለገበያና ለሥራ ቅርብ በሆነ ቦታ እንዲኖር አስችሏል። የልማት ተነሺዎች ክርክር ሁሉ በእነዚህ ሁለት እውነታዎች መካከል የሚካሄድ ነው።

የሕግ ማዕቀፍ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የባለቤትነት መብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

የከተማ ቦታ በሊዝ መሰጠት የጀመረው በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ነው፤ በ272/1994 ተተካ፣ ከዚያም በ721/2004። የመጨረሻው ነባር ይዞታዎች ወደ ሊዝ ሥርዓት የሚገቡበትን መንገድ ስለከፈተ በወጣበት ሰሞን ከፍተኛ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው አድርጓል። ነዋሪው በትክክል የትኛው መንገድ በማን ግቢ እንደሚያልፍ የሚያየው በአካባቢ ልማት ፕላኑ ስለሆነ አቤቱታዎች በብዛት የሚነሱት በዚህ ደረጃ ነው። መዋቅራዊ ፕላኑ ሲጸድቅ ዝም ብሎ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ሲመጣ የሚነቃ ሰፈር ብዙ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ዋናው የመሬት አጠቃቀም ተወስኖ አልቋል።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 እና የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲነጻጸሩ የነዋሪው አቤቱታ በሕጉ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ይታያል። በቀድሞው ሕግ ለዘለቄታው የተነሣ ገበሬ የሚከፈለው ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ በአዲሱ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ 15 እጥፍ ይሆናል። አዲሱ ሕግ ሌሎች ሦስት ነገሮችም ጨምሯል። የመጀመሪያው መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ተናጠልም ሆነ በጋራ ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ ማግኘታቸው ነው። ሁለተኛው መሬቱ በአስቸኳይ ካልተፈለገ በስተቀር ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት ግዴታ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሣ ነው። ይህ የመጨረሻው ዕድርን፣ ጉርብትናንና የዕለት ቡናን በገንዘብ የሚተምን በመሆኑ አከራካሪ ነው፤ ሆኖም ሕጉ ሰፈር ከጣሪያና ከግድግዳ የበለጠ ነገር መሆኑን የተቀበለበት የመጀመሪያው ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

መልሶ ማልማት በአዲስ አበባ

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ካዛንቺስ፣ ከዚያም ልደታ፣ አራት ኪሎና ሌሎች የመሀል ከተማ ሰፈሮች በየተራ ፈርሰው መልሰው ተገንብተዋል። በዚያው ጊዜ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ለተነሺዎች የሚሰጥ ቤት አስገኘ። የቀበሌ ቤት ተከራይ በአብዛኛው ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፤ ሌላ የቀበሌ ቤት መቀበል ወይም ያለ ዕጣ ኮንዶሚኒየም መግዛት። ኮንዶሚኒየሙ ቅድመ ክፍያ ስላለው ገንዘብ የሌለው ሰው ምርጫው አንድ ብቻ ይሆናል። ቅድመ ክፍያውን በብድር ከፍሎ ቤቱን የሚያከራይና ራሱ ርካሽ ቤት ፍለጋ ወደ ዳር የሚወጣም አለ።

ሰፈሩ በአንድ ድምፅ መናገር የሚያቅተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓይነት ሰው ሊገኝ ይችላል። ካርታ ያለው ባለይዞታ ምትክ ቦታና ለቤቱ ግምት ካሣ ያገኛል። የቀበሌ ተከራይ ምትክ ቤት ያገኛል። ከቀበሌ ተከራዩ ጋር በደባልነት የሚኖረው ወይም ጓሮ ተቀጥላ ቤት የተከራየው ብዙ ጊዜ ምንም አያገኝም። በግቢው በር ጉልት የምትቸረችረው ሴት ደግሞ በመዝገብም የለችም። የተነሺዎች ኮሚቴ ሲመረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወገኖች ስለሆነ ድርድሩ የሚያተኩረው በካሬ ሜትርና በምትክ ቦታ ርቀት ላይ ነው። በጥቅሉ ሲታይ የነዋሪው ግፊት ማፍረሱን ያስቀረበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ በምትኩ ያስገኘው የጊዜ ማራዘሚያ፣ የተሻለ ምትክ ቦታ፣ አንድ ላይ በአንድ ሳይት መመደብን የመሳሰሉ ማሻሻያዎችን ነው።

አንድ ላይ የመመደብ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ወደ ተለያዩ የከተማው ዳርቻዎች የተበተነ ሰፈር ዕድሩ ይፈርሳል፤ ለዓመታት የተከፈለው መዋጮም አከራካሪ ይሆናል። አንዳንድ ዕድሮች አባሎቻቸው ከተበተኑ በኋላም በድሮው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ እየተገናኙ ቀጥለዋል። አባል ሲሞት ድንኳኑ በመኪና ተጭኖ ወደ አዲሱ ኮንዶሚኒየም ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ድንኳን የሚተከልበት ባዶ ቦታ የብሎኩ መኪና ማቆሚያ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

የመርካቶ አካሄድ

መርካቶ የነጋዴዎች እንቅስቃሴ ግንባታን በቀጥታ የለወጠበት ጥሩ ምሳሌ ነው። የከተማው አስተዳደር ያረጁትን የቆርቆሮ ሱቆች በፎቅ ለመተካት ቦታዎችን ለአልሚዎች ለማስተላለፍ ሲነሣ ነባሮቹ ነጋዴዎች ከቦታቸው መነሣትን ተቃወሙ። ከተቃውሞው ጎን ለጎን ግን በየተራቸው ተደራጅተው አክሲዮን ማኅበራት አቋቋሙ፤ የሱቅ ይዞታቸውንና ገንዘባቸውን አዋጥተው በዚያው ቦታ ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከላትን ገነቡ። ዛሬ በመርካቶ ከሚታዩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ የዚህ ውጤት ናቸው።

ይህ መንገድ የሠራው ነጋዴዎቹ ገንዘብም የብድር ዋስትናም ስለነበራቸው ነው። የቀበሌ ቤት ተከራዮች ያንኑ ሊያደርጉ ቢሞክሩ የሚያዋጡት ይዞታ የላቸውም። በመርካቶም ቢሆን በሱቆቹ ደጃፍ ይሠሩ የነበሩ ተሸካሚዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና መንገድ ላይ ቸርቻሪዎች የአክሲዮኑ ተካፋይ አልሆኑም።

ማስተር ፕላንና የከተማ ዳር ገበሬዎች

በኢትዮጵያ የመሬት ልማት ዕቅድ በሕዝብ ተቃውሞ የተሰረዘበት ትልቁ አጋጣሚ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞችን ያካተተው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ነው። ተቃውሞው በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጀምሮ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በምዕራብ ሸዋ ጊንጪ እንደገና ተቀሰቀሰና በመላ ኦሮሚያ ተስፋፋ። የብዙ ሰዎች ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. ኦሕዴድ ዕቅዱ እንዲቆም መወሰኑን አስታወቀ።

የእንቅስቃሴው ምክንያቶች ከአንድ ፕላን የሰፉ የማንነትና የፖለቲካ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ስለዚህ በሰፈር እንቅስቃሴ ብቻ መመደቡ ጉዳዩን ያሳንሰዋል። ይሁን እንጂ መነሻው በከተማ መስፋፋት እርሻውን ያጣ ገበሬ አቤቱታ መሆኑ፣ ለእሱ የተከፈለው የሰብል ካሣና ያው መሬት በኋላ በሊዝ የሚያወጣው ዋጋ እጅግ የተራራቁ መሆናቸው ከርዕሱ ጋር ያገናኘዋል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ «ሕገ ወጥ» የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱም ጥያቄው በሌላ በኩል ተመልሶ መጣ፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ቦታውን ከገበሬ የገዙ፣ ለዓመታት መብራትና ውኃ ሲከፍሉ የኖሩ ነበሩ።

ምዕራብ ጎጃም

ጎጃም ከመሬት ጋር የተያያዘ የሕዝብ እንቢታ የቆየ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው «ግመታው የርስት መሬታችንን ለመለካትና ለመውሰድ ነው» በሚል ተነሣ። መንግሥት ጦር ቢልክም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አንሥቶ፣ የተጠራቀመውን የግብር ውዝፍ ምሮ ነገሩን አበረደ። በጎጃም ገጠር «ቀላድ ሊጣል ነው» የሚል ወሬ ዛሬም ሰው የሚሰበስብ ወሬ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም እና ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚነሣባት ቡሬ በአዲስ አበባና ባሕር ዳር መንገድ ላይ የሚገኙ፣ በበቆሎና በበርበሬ ምርት ገጠር የተከበቡ ከተሞች ናቸው። ከተሞቹ የሚያድጉት ዋናውን መንገድ ይዘው በመሆኑ የመንገድ ዳር ቦታ ውድ ነው፤ አንድ ገበሬ እርሻው ከአስፋልቱ አጠገብ በመሆኑ ብቻ ከጎረቤቱ ቀድሞ ተነሺ ይሆናል። በፌዴራል መንግሥት ከታቀዱት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ በቡሬ ተገንብቷል፤ ሌሎቹ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። ፓርኩ የገበሬውን ምርት እንዲገዛ ታስቦ የተቋቋመ ቢሆንም ራሱ የሚያርፈው በእርሻ መሬት ላይ ነው።

አማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬዎች የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠት ከጀመሩት ክልሎች አንዱ ነው። ደብተሩ ላይ ባልና ሚስት በጋራ መመዝገባቸው ሴቶችን በፍርድ ቤት ረድቷል። ችግሩ የሚመጣው የከተማ ክልል ሲሰፋና የገጠር ቀበሌው ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲካተት ነው። ደብተሩ የሚሰጠው መብት የመጠቀም መብት ነው፤ በቤት መሥሪያ ዋጋ አይተመንም። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ሳይነሣ በፊት ማሳውን ከፋፍሎ በስምምነት ወረቀት ይሸጣል፤ ገዢው ሌሊት ቆርቆሮ መትቶ «የጨረቃ ቤት» ይሠራል። ማዘጋጃ ቤቱ ለማፍረስ ሲመጣ ገዢዎቹ ተሰባስበው የሰፈር ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ መብራትና ውኃ ይጠይቃሉ፤ ልጆቻቸውን በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ያስመዘግባሉ። ብዙ የዛሬ ሕጋዊ ሰፈሮች በዚህ መንገድ የተወለዱ ናቸው። በየጊዜው የሚደረገው «ሕጋዊ የማድረግ» ውሳኔ ለእነዚህ ኮሚቴዎች ድል ሲሆን ለቀጣዩ ዙር ወረራም ተስፋ ይሰጣል።

ሌላው የክልሉ ከተሞች የታወቀ መንገድ የቤት ሠሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። መምህራን፣ ጤና ባለሙያዎችና ሌሎች ሠራተኞች ተደራጅተው በባንክ ገንዘብ አስቀምጠው ቦታ ይጠብቃሉ። ማኅበራቱ ቦታ እንዲሰጣቸው በሚያደርጉት ግፊት የሚለቀቀው መሬት ያው የከተማ ዳር ገበሬ ማሳ ስለሆነ፣ በአንድ በኩል ያለው የነዋሪ እንቅስቃሴ በሌላ በኩል ካለው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ይህ ግጭት በመንደር ደረጃ የሚፈታው በሽማግሌ ነው፤ ካልሆነ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለ ይወጣል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታዎችን ይቀበላል።

በገጠር የጋራ ቦታን በመጠበቅ ረገድ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ሳይጠቀስ አይታለፍም። «ገበዝ» የሚለው ማዕረግ የቤተ ክርስቲያንን ንብረትና አገልግሎት የሚቆጣጠረውን ሰው ያመለክታል። በጎጃምና በጎንደር የተፈጥሮ ደን በብዛት የቀረው በአድባራት ዙሪያ ነው። ምእመናን ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ መካባቸው ከብት እንዳይገባ ብቻ ሳይሆን ድንበሩ እንዲታወቅም ጠቅሟል፤ ካብ ያለበትን ቦታ «ባዶ መሬት» ብሎ ለመምራት የሚደፍር ባለሥልጣን ጥቂት ነው።

የኮሪደር ልማት

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ቤቶችን በማንሣት የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና አረንጓዴ ቦታ የሚሠራ ፕሮጀክት ነው። በፒያሳ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር የፈረሱት በዚሁ ጊዜ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ። ከዚያም ሥራው ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቷል።

የዚህ ፕሮጀክት ልዩ ጠባይ ፍጥነቱ ነው። ደጋፊዎቹ ለዓመታት የተጓተተ የከተማ ጽዳት በወራት መታየቱን፣ ተነሺዎች ከመጸዳጃ አልባ ቤት ወጥተው የተሻለ ቤት ማግኘታቸውን ያነሳሉ። ተቺዎች ደግሞ የማሳወቂያው ጊዜ አጭር መሆኑን፣ የጥንት ሕንፃዎች ጉዳትን፣ የሥራ ቦታ መራቅንና የሰፈር መበተንን ያነሳሉ። ለዚህ ጽሑፍ ርዕስ ዋናው ነገር ግን ፍጥነቱ ለነዋሪው የመደራጃ ጊዜ አለመተዉ ነው። ዕድር በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ኮሚቴ መርጦ፣ አቤቱታ አርቅቆ፣ መልስ ጠብቆ ይግባኝ ለማለት ወራት ይፈልጋል። አዋጁ የአንድ ዓመት ውይይት ያስቀመጠው ለዚህ ነበር፤ አስቸኳይ ለሆነ ሥራ የተተወው ልዩ ሁኔታ ግን ሰፊ በር ነው።

በሌሎች አገሮች

በኒው ዮርክ በ1950ዎቹና 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጄን ጄኮብስና ጎረቤቶቻቸው በሮበርት ሞዝስ የታቀዱ አውራ ጎዳናዎች በግሪንዊች ቪሌጅና በታችኛው ማንሃተን እንዳያልፉ አስቁመዋል። በሲድኒ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃክ ማንዴይ የሚመራው የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ነዋሪዎች በተቃወሙት ቦታ አባላቱ እንዳይሠሩ በማድረግ «አረንጓዴ እገዳ» የተባለውን ስልት ጀመረ፤ የመጀመሪያው የተጠራው በኬሊስ ቡሽ የሚገኝን ትንሽ ደን ለማዳን በተነሡ የሰፈር ሴቶች ጥያቄ ነው። ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው የናይሮቢ ልምድ ነው። በዚያ ሙንጋኖ ዋ ዋናቪጂጂ የተባለው የድሃ ሰፈሮች ነዋሪዎች ኅብረት ቤት ለቤት ቆጠራ አካሂዶ መረጃውን በእጁ ይዞ ሲደራደር ቆይቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የከተማው አስተዳደር ሙኩሩን ልዩ የፕላን ክልል ብሎ አወጀ። ታይላንድም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባን ማንኮንግ ፕሮግራም የሰፈር ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ተደራጅተው በጋራ ብድር ወስደው እዚያው መልሰው እንዲገነቡ አድርጋለች።

በበለጸጉ አገሮች እንቅስቃሴው በተቃራኒው ይተቻል። ቤት ያላቸው ነዋሪዎች አዲስ ቤት በአጠገባቸው እንዳይሠራ እየከለከሉ ለወጣቱና ለተከራዩ የቤት ዋጋ እንዲወደድ አድርገዋል የሚል ትችት አለ። በኢትዮጵያ የዚህ ምልክት የሚታየው በሰፈር በሮች ነው፤ በአዲስ አበባ ብዙ ነዋሪዎች በዘበኛ መዋጮ ስም የሕዝብ መንገድን በብረት በር ዘግተዋል።

መረጃና ካርታ

የሰፈር ድርድር ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በማስረጃ ነው። ወረዳው የሰፈሩን ነዋሪ ብዛት ከቀበሌ ቤት መዝገብ ሲያወጣ ደባሎችንና ተቀጥላ ተከራዮችን አይቆጥርም፤ ሰፈሩም የራሱ ቁጥር የለውም። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት በልዩ መለያ ኮድ እንዲመዘገብ ያዘዘ ሲሆን፣ ምዝገባው የሚጀመረው ግን ይዞታን በማረጋገጥ ስለሆነ ሰነድ የሌለውን አይረዳም።

እንደ ኦፕንስትሪትማፕ ባሉ ክፍት ካርታዎች ላይ ማንኛውም ሰው የሳተላይት ምስል አይቶ ቤትና መንገድ መሳል ይችላል። በኬንያ የኪቤራ ወጣቶች በ2009 እ.ኤ.አ. ሰፈራቸውን በዚህ መንገድ ካርታ ላይ አውጥተዋል። የዕድር መዝገብ በስም፣ በቤት ቁጥርና በቤተሰብ ብዛት የተሞላ ስለሆነ ወደ ቀላል የሰንጠረዥ ፋይል ቢገለበጥና እያንዳንዱ ቤት በካርታ ላይ ቢሰፍር ቆጠራ ሳያስፈልግ የሰፈሩን ዝርዝር ይሰጣል። የሟች ወራሾችንና የደባል ተከራዮችን መጨመር ግን የግድ ነው፤ አብዛኛው ዕድር የሚመዘግበው አባወራውን ወይም እማወራዋን ብቻ ነው።